የጫልቱን ስም የጻፍኩበት ወረቀት

ወገኖቼ፣ ይህ ታሪክ በጉባኤ ፊት ሊነገር የሚገባው መሆኑን እስከ አሁን እጠራጠራለሁ። የታመመው ሌላ ሰው ነው፤ የእኔ ድርሻ በደሉ ብቻ ነው። ቢሆንም ወንድሜ ደረጀና ባለቤቱ ጫልቱ ስለ ፈቀዱልኝ ጌታ ያደረገልኝን ልመስክር። ስሙ ይባረክ።

ሁለቱ በተጋቡ በአራት ዓመት ውስጥ ልጅ አልወለዱም። እኔ እዚሁ አሰላ በጸሎት ቡድናችን የጸሎት ርዕሶችን በወረቀት የምጽፍ ነበርኩ። በየሳምንቱ «የእህት ጫልቱ ማኅፀን እንዲከፈት» ብዬ እጽፋለሁ። በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ እሷ ወደ ፊት ወጥታ ትቆማለች፤ ወንድሜ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። አንድም ቀን ስህተት አልመሰለኝም። እንዲያውም ለእናታችን «የደበቀችው ኃጢአት ሳይኖር አይቀርም» አልኳት። እናታችን ቃሌን ይዛ እንዲያፋቷቸው ሽማግሌዎች ሰበሰበች።

ጫልቱ ኢተያ ወደ አባቷ ቤት ልትሄድ ልብሷን ስታስር በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

«እኔ ሁለት ጊዜ ተመርምሬ ጤነኛ ነሽ ተብያለሁ» አለችኝ። «የእሱን ስም ያልጻፍሽው ቀለም አልቆብሽ ነው?»

የሄደች ዕለት ማታ ቃሏን ለደረጀ ነገርኩት።

በሳምንቱ ደረጀ ተመረመረ። ውጤቱን ሊሰማ ሲሄድ «አንቺ ጤና ትማሪያለሽ፤ ያልገባኝን ታስረጂኛለሽ» ብሎ ወሰደኝ።

ሐኪሙ እንዲህ አሉት፦ «ሰውነትህ የራስህን የዘር ህዋስ እንደ ጀርም ቆጥሮ አንቲቦዲ የሚባል መከላከያ ያመርትበታል። አንቲቦዲው ህዋሱ ላይ ካሉት ፕሮቲኖች ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ ህዋሶቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ መዋኘት ያቅታቸዋል። የደረሱትም የእንቁላሉን ሽፋን አልፈው መግባት ይቸግራቸዋል። የዘር ፍሬህ አካባቢ ተጎድተህ ታውቃለህ?»

«ልጅ ሆኜ በቆጂ ፈረስ ረግጦኛል።»

«አንዳንዴ ከእንዲህ ያለ ጉዳት በኋላ ይመጣል። የማንም ጥፋት አይደለም። ሕክምና አለ፤ ውጤቱን ግን ቃል አልገባልህም።»

ደረጀ «ታዲያ ሽማግሌ መላክ የነበረብን ለፈረሱ ነዋ» አለ። ሐኪሙ ሳቁ። እኔ ቀና ማለት አቃተኝ።

ኢተያ አብሬው ሄጄ ጫልቱ እግር ላይ ወደቅሁ።

«ተነሺ» አለችኝ። «ይህን ለቤተ ክርስቲያን አስቀምጪው። ስሜ የተነበበው እዚያ ነው።»

ወገኖቼ፣ ዛሬ የቆምኩት ለዚህ ነው። ጫልቱ፣ ይቅር በይኝ። ልጅ ገና የላቸውም፤ ሕክምናው ቀጥሏል። ጌታ ግን ክፉ አፌን ዘግቶ ትዳራቸውን ጠበቀ፤ ምስጋና ለእርሱ ይሁን። እናንተም ታመኑት። መመርመር እምነት ማጣት አይደለም፤ ባልና ሚስት አብራችሁ ሂዱ። የሽማግሌዎቹ ጉባኤ ተበትኖ ጫልቱ ወደ ቤቷ የገባችው በዚህ ዓመት፣ የትንሣኤ ማግስት ሰኞ ነው።