ንፋስ የገመገመው ኃላፊያችን

በግምገማው ዘመን ነው። ክረምቱ መንገዱን ቆርጦብን ቢታ ገነት ላይ ስንጉላላ አንድ የእርዳታ ድርጅት በትንሿ አውሮፕላኑ ወደ ቦንጋ ሊመልሰን ፈቀደ። ኃላፊያችንና እኔ ከአብራሪው ኋላ ተቀመጥን። ኃላፊያችን ያልተማረውን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነው...

ቦንጋ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ጋ ስንደርስ አንድ ትልቅ ሄሊኮፕተር ከፊታችን ቀስ እያለ ይወርዳል። ከክልል የመጣ ትልቅ ባለሥልጣን እንግዳ ተሳፍሮበታል። የኛ ሰው ሊያብድ ደረሰ! ቀድሞ እጁን ካልጨበጠ ሹመቱ ያከተመለት ይመስለዋል።

«ተከትለኸው ውረድ!» አለው አብራሪውን።

አብራሪው ግን መዞር ጀመረ። «ትንሽ እንጠብቃለን ጌታዬ። ትልቁ ባለፈበት አየሩ እየተሽከረከረ ይቆያል። እንደኛ ያለች ትንሽ አውሮፕላን እዚያ ውስጥ ከገባች ትገለበጣለች። መሬት አጠገብ ደግሞ ለማቃናት ጊዜ አይኖረኝም።»

«የምን አየር? ዛፉ እንኳ አይነቃነቅም! እኔ ምንም አይታየኝም!»

«አይታይም። ክፋቱም እሱ ነው።»

«ሰበብ ነው! አንተ የአመለካከት ችግር አለብህ!»

ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ ስለ አመለካከት ያወራል... ወይ ጉድ!

ዞርን... ዞርን። ታች ሕዝቡ ተሰልፎ እንግዳውን ይቀበላል። ኃላፊያችን ግንባሩን መስኮቱ ላይ ለጥፎ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

በመጨረሻ ስንወርድ ድንገት አንዱ ክንፋችን ወደ ታች ተዘቀዘቀ። ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። አብራሪው ወዲያው አቃናና ዞር ሳይል «ይሄ የዚያ አየር ትራፊ ነው» አለ።

ጀግናችንስ? በሁለት እጁ ጭኔን ጨምድዶ ይዞ «እናቴ! እናቴ ድረሽልኝ!» እያለ ይጮኻል።

ከዚያ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ግምገማ ተቀመጥን። አጀንዳው የተበላሸው አቀባበል ነው። ያ ሲጮህ የነበረ ሰው ኮቱን ቆልፎ ተነሳና «አብራሪው በሌለ ንፋስ አሳቦ አመራሩን አየር ላይ አጉላልቷል። ንፋሱን ያየ አለ?» አለ።

አላስችል አለኝ። «ታዲያ እርስዎ ምን አይተው ነው እናትዎን የተጣሩት?» አልኩ።

ኃላፊያችን የኮቱን ቁልፍ ነካ ነካ አደረገና...

«አንተ ለሚቀጥለው ግለ ሂስህን ይዘህ ና!» አለኝ። ቀጥሎ እጅ ወጣ፤ ከእኔ በቀር በሙሉ ድምፅ ንፋስ እንዳልነበረ ጸደቀ።

ተመስገን ነው፣ አብራሪው የፓርቲያችን አባል አልነበረም... ቢሆን ኖሮ የታዘዘውን ፈጽሞ ሁላችንንም በዲሲፕሊን ያስቀብረን ነበር።