የአባባ ቀይ መብራት

«አንቺ፣ ይሄ ዳሽቦርድ ነው ወይስ የሠርግ ቤት?» አለኝ የሮቤው ኤሌክትሪሺያን፣ አያቴ አባባ አሮጌው ላንድሮቨራችን ላይ የደረደሯቸውን ማብሪያዎችና አምፖሎች እያየ። «ግማሹን ልንቀለው።»

«ቀዩን ከነካህ እንጣላለን» አልኩት።

ሽቦ ለመበየድ ስታኞ ሲያቀልጥ ጭሱ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ የጎባው ግቢያችን ትዝ አለኝ። ልጅ ነበርኩ። የሙቀት መለኪያ ጌጁ ስለሞተ አባባ መሪው ሥር ተጋድመው፣ ሞተሩ ከመጠን በላይ ሲግል የሚበራ ቀይ አምፖል እየገጠሙ ነበር። በማግስቱ ወደ ደሎ መና ስንነሳ፣ ለሳነቴ ደጋ ብርድ ብለው ራዲያተሩን በካርቶን ሸፈኑት። ወሬ ይዘን ነበርና ቆላ ወርደንም ካርቶኑን ማንሳት ረሳን።

«አባባ፣ በራ!» ብዬ ጮህኩ።

ወዲያው አቆሙ። ሞተሩ ግሎ ነክሶ ቢበላሽ ኖሮ ቤታችን ከመኪናው ሌላ መተዳደሪያ አልነበረውም። ካርቶኑን ገንጥለው ጣሉና ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እስኪያስላቸው ሳቁ።

«አጃኢባ! እኔ ረሳሁት፣ እሱ አልረሳም። ዓይኔም ጆሮዬም እየደከመ ነው ልጄ፤ ከእንግዲህ እኔን ሳይሆን እሱን እዪ።»

«ጨርሻለሁ፣ ሞክሪው» አለ ኤሌክትሪሺያኑ። ማብሪያዎቹ ተነቅለው ባዶ የቀሩትን ቀዳዳዎች በጣቴ ዳሰስኩ። ቁልፉን አዞርኩ። ቀዩ እንደ ልማዱ ለአፍታ በራ፤ ሞተሩ ሲነሳ ጠፋ። እፎይ አልኩ።

«ወዴት ነሽ?»

«ደሎ መና።»

«እንግዲያው ራዲያተሩን በካርቶን መሸፈንሽ አይቀርም፤ ቆላ ስትደርሺ ማንሳቱን እንዳትረሺ!»

ካርቶኑን ራዲያተሩ ላይ አሰርኩና ወደ ሳነቴ ነዳሁ።