እልልታ የተከለከለበት ቤት

ከቆቦ የወጣሁ ለት እናቴ አላለቀሰችም። ጎህ ሳይቀድ ሻንጣዬ ባጃጅ ላይ ሲጫን አክስቴ ልቅሶውን ልትጀምር ስትል፣ «ተይ! ልጄን እንደ ሬሳ አልሸኝም» ብላ እልልታዋን ለቀቀችው። ወዲያው ከአጥር ማዶ እትዬ ዘይነባ ተቀበለቻት። እልል ብላ ከጨረሰች በኋላ ነው፣ «ምን ተገኘና ነው? አላህ ያብዛው!» ያለችው። እኛ ሰፈር እንዲህ ነው፤ እልልታ የሰማ መጀመሪያ ይቀበላል፣ ምክንያቱን ኋላ ይጠይቃል።

ካቶሊክ ነን፤ ቆቦ ላይ በጣት የምንቆጠር። አባቴ ከአዲግራት በሹፌርነት መጥቶ፣ የራያዋን እናቴን አግብቶ የቀረ ሰው ነው። ካህን የሚመጣልን አልፎ አልፎ ስለነበር እሁዳችን ቤት ውስጥ ነበር። ሽሮው እሳት ላይ እየተንተከተከ አባቴ ወንጌል ያነባል፣ እናቴ ባዶ ጀሪካን ገልብጣ ከበሮ ታደርገዋለች፣ እኛ እያጨበጨብን እንዘምራለን። እልልታው ላይ ስንደርስ እትዬ ዘይነባ ከማዶ ትቀበለናለች። የማን በዓል እንደሆነ ጉዳይዋም አልነበረ።

ጣሊያን የገባሁት ቀድሞኝ በሄደው በባለቤቴ በገብሬ በኩል ነው። የካቶሊኮች አገር፣ እንግዲህ እልልታዬ ቦታ አገኘ ብዬ ነበር። ምን ዋጋ አለው! ቅዳሴው ላይ ሰዉ እጁን አጣጥፎ ባንክ ቤት ወረፋ እንደሚጠብቅ ዝም ነው። በቆቦ ሙቀት ሳማርር በኖርኩት በእኔ ላይ ብርዱም ዝምታውም አንድ ላይ ወረዱብኝ።

በመጀመሪያው ፋሲካ ጠዋት ቤቴ ውስጥ ባልዲ ገልብጬ ዘመርኩ፣ እልል አልኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። ሁለት ካራቢኒዬሪ፣ ፖሊሶቻቸው ማለት ነው፤ ከኋላቸው ደግሞ ከታች የሚኖረው አከራያችን።

«የተመታችው ሴት የት አለች?» አለ አንደኛው ፖሊስ።

«የጮህኩት እኔ ነኝ። ማንም አልመታኝም።»

«ታዲያ ምን ሆነው ነው?»

«ክርስቶስ ተነሥቷል!»

ፖሊሱ ጓደኛውን አየና፣ «ይሄንንማ እኛም ሰምተናል» አለ።

«ለዚህ ሰው ይጮኻል?» አለ አከራዬ።

«እርስዎ ለኳስ ሲጮሁ እኔ ፖሊስ ጠርቻለሁ?»

ፖሊሶቹ ሳቁ፣ እሱ አልሳቀም። በማግስቱ በበሩ ሥር ወረቀት አስገባ፦ ይህ ጩኸት ከተደገመ ቤቱን ልቀቁ። ገብሬ ለመነኝ። ለውጭ ሰው የሚያከራይ ለማግኘት ስንት በር እንዳንኳኳ አውቃለሁና እሺ አልኩ። ዓመት ሙሉ ደስታዬን ዋጥኩት። ሲዋጥ ያማል።

ልጄ ማርታ በተጠመቀች እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን እናቴ ጋ ደወልኩ።

«ተጠመቀች?»

«ተጠመቀች እማዬ።»

«ታዲያ እልልታው የት አለ? ምን ሁነሽ ነው?»

«እዚህ ቤት ክልክል ነው።»

«እኔን ማን ከልክሎኝ!» ብላ ለቀቀችው። ወዲያው ከኋላዋ ሌላ ድምፅ ተሰማ፣ ቀጭን፣ ያረጀ። እትዬ ዘይነባ ናት፤ ማን እንደተጠመቀ እንኳ አልጠየቀችም።

ገብሬ ዐይን ዐይኔን ያየኛል። አላስቻለኝም። ሁለት አሮጊቶች ከቆቦ ድረስ ለልጄ እልል ሲሉ እኔ እናቷ አፌን ልይዝ? ማርታን ታቅፌ፣ መስኮቱን ከፍቼ፣ የዓመቱን እልልታ አወጣሁት።

ከታች አከራያችን በመጥረጊያ እንጨት ወለላችንን ይደበድብ ጀመር። ዷ! ዷ! ዷ!

«ማነው እሱ?» አለች እናቴ።

«ጎረቤት ነው እማዬ። ከበሮ እየመታልን ነው።»

«እሰይ! እኔ ደግሞ የሚቀበልሽ ያጣሽ መስሎኝ!»

ከነገ ጀምሮ ቤት ፍለጋ እንደምንወጣ አልነገርኳትም። እንደገና እልል አልኩ፤ ከቆቦ ተቀበሉኝ።