በማዕድ ላይ ያለቁት ሰዎች

ደም መመለስን የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው። ሦስት ክሬዲት ነበረው። ዩኒቨርሲቲው ጂንካ ላይ በተከፈተ በጥቂት ዓመቱ እንግሊዝኛ ክፍል ገባሁና አንድ የድሮ የበቀል ቴአትር ሴሚስተሩን ሙሉ ስንበልት ከረምን። ወንድሙ የተገደለበት የትልቅ ቤት ልጅ ገዳዩን ያውቃል፣ ሊበቀል ይምላል፣ ከዚያ ግን አምስት ገቢር ሙሉ ያወራል። መጨረሻ ላይ ግብዣ ተደግሶ ሁሉም አንድ አዳራሽ ውስጥ ያልቃሉ። ኮፒያችን በጣም ደብዛዛ ስለነበር አንዳንዱ ሰው መሞቱ የሚታወቀው በሚቀጥለው ገጽ ዝም ሲል ነው።

ችግሩ እኔም ወንድሜ ተገድሎብኛል። ገዳዩ ጎረቤታችን ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ የሰውዬው በሬ በቆሏችን ውስጥ ገባ፣ ወንድሜ ሊያስወጣ ሄደ፣ ተሰዳደቡ፣ ተያያዙ፣ አንድ ዱላ ጭንቅላቱን አገኘው፣ በቃ። ሰውዬው ማረሚያ ቤት ገባ። ያ ሴሚስተር ሲያልቅ የእሱም ፍርድ ያልቅ ነበር። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ በቤቱ የቀረሁት ወንድ እኔ ነኝ። ግደል ያለኝ ሰው የለም። አጎቴ ብቻ ባገኘኝ ቁጥር ከላይ እስከ ታች ያየኝና አደግክ እኮ ይለኛል። ሌላ ሰው ቢለው ደስ የሚል ቃል ነው። እናቴ ደግሞ ምንም አትልም፤ የፈራሁትም እሱን ነው። መግደል አልፈልግም ነበር። እሷ ከፈለገች ግን እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም።

በእኛ በአሪዎች ወግ ደም የተቃቡ ሁለት ቤቶች እርቅ ሳይወርድ አብረው አይበሉም፣ በአንድ ዕቃ አይጠጡም። ከበሉ ሞት ያንን ቤት ይለምደዋል ይባላል። ልቅሶና ሠርግ ላይ ይኼ አያስቸግርም፣ ራቅ ብሎ መቀመጥ ነው። ያስቸገረው ቸርች ላይ ነው። እናቴና የገዳዩ እናት አንድ ቸርች ነበሩ፤ የጌታ እራት ሲቀርብ አንዷ ከቆየች ሌላዋ ትወጣለች። ፓስተሩ ጽዋው ለየሰው የተለየ ትንሽዬ ብርጭቆ እንደሆነ፣ ስለዚህ አንድ ዕቃ እንደማይባል ደጋግመው አስረዱ። ሁለቱም በአክብሮት ሰሟቸውና መውጣታቸውን ቀጠሉ። አንዱን ወር እናቴ፣ አንዱን ወር እሷ። ቃል ሳይለዋወጡ ተራቸውን እንዴት እንደሚያውቁ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

መምህራችን ረጃጅሞቹን ንግግሮች በቃላችን እንድንይዝ አዘው ነበር። ቅዳሜ ወደ ቤት ስወጣ ከእናቴ ጋር በቆሎ እየፈለፈልኩ ጮክ ብዬ አጠናለሁ። ምንድን ነው እሱ አለችኝ አንድ ቀን። በአሪኛ መተረክ ጀመርኩላት፤ ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ከዚያስ እያለች ፋታ አሳጣችኝ።

ቋንቋው መቼም ያሰክራል። የቴአትሩ ሰውዬ ቁጣውን በመስመር በመስመር፣ ምቱን ሳይስት ይደረድረዋል። እኔ ስናደድ ምላሴ ይተሳሰራል፤ እሱ ሲናደድ ግጥም ይወጣዋል። ቀናሁበት። በአሪኛ ስነግራት ግን ያ ሁሉ ጌጥ ይረግፍና ልገድለው ነው፣ ግን ዛሬ አይደለም የሚለው ብቻ ይቀራል። ይኼን ሁሉ ለማን ነው የሚያወራው አለችኝ። ለራሱ ነው አልኳት። ሰው የለውም እንዴ ብላ አዘነችለት። መምህሩ ስለ ብቻ ንግግር ብዙ አስተምረውናል፤ ይኼን ግን አላነሱትም።

ሦስተኛው ገቢር ላይ ተበቃዩ ከወንድሙ ገዳይ ጋር አንድ ገበታ ቀርቦ ሲበላ እናቴ የያዘችውን በቆሎ አስቀመጠች። ያውቃል አይደል አለች። ያውቃል አልኳት። አውቆ በላ? በላ፣ ወይን ጠጁንም ጠጣ። ወይ ጉድ፣ በቃ አለቁ አለች። ገና ሁለት ገቢር ይቀረን ነበር።

ፈተናው ላይ የእልቂቱ መንስኤ ምንድን ነው የሚል ጥያቄ መጣ። የዋናው ገጸ ባሕርይ ማመንታት ነው ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ መምህሩ ሴሚስተሩን ሙሉ ያሉት እሱን ነው። ሳይታረቁ አብረው ስለበሉ ነው ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ ሲመለስ ዳሩ ላይ በቀይ፣ ይኼን ከየት አመጣኸው ተብሎበታል። ከቤት ነው ብዬ ልነግራቸው አሰብኩና ውጤቴን ጨርሰው እንዳይቀንሱት ፈርቼ ተውኩት።

ጎረቤታችን ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው ለእናቴ የቴአትሩን መጨረሻ ነገርኳት። ማን ተረፈ አለች። ማንም አልተረፈም አልኳት። ትንሽ ፈለፈለች።

"ግደል ብሎ ያዘዘው ማነው?"

"ማንም። ራሱ ነው።"

"አንተንስ?"

ማንም አላዘዘኝም አልኳት።

"እኔም አላዘዝኩህም" አለች። "የቀረኸኝ አንተ ነህ።"

ለካ ቴአትሩ ምኗም አልነበረም። ከዚያስ ከዚያስ የምትለኝ እኔ ከማን ወገን እንደቆምኩ ለማወቅ ነው። እኔ ዝምታዋን ስፈራ፣ እሷ ጩኸቴን ስትፈራ ኖራለች፤ ልጇ ቤት በመጣ ቁጥር በሰው አገር ቋንቋ ስለ ደም እየጮኸ በቆሎ ሲፈለፍል ምን ታስብ? ደስታው ሊያስለቅሰኝ ደረሰ፤ ወዲያው ደግሞ ደሜ ፈላ። አንድ ቃል ብትናገሪ ምን ነበረበት አልኳት። አንተስ አለችኝ።

ሰውዬው እንደተፈታ ሽማግሌዎች ተጠሩ፣ በግ ታረደ፣ የሚማለው ተማለ። አጎቴም ፊቱን አጥቁሮ መጣና ጥግ ያዘ። እኔ ገዳዩን በሐሳቤ ግዙፍ አድርጌ ነበር ያኖርኩት። የመጣው ግን ከሲታ፣ ጥርሱ የወላለቀ፣ ኮቱ የሰፋው ሰው ነው። የቴአትሩ ገዳይ ከመሞቱ በፊት ገጽ ተኩል ይናገራል። ይኼኛው በደልኩ አለና አቀረቀረ።

ከዚያ ቆጮና ሥጋ ቀረበ። እኔንና እሱን ጎን ለጎን አስቀመጡን። ጠላሁት። እርቅ ወርዶ፣ ሽማግሌ መርቆ፣ አሁንም ጠላሁት። ዓይኔ ከእጁ ላይ አልነሳ አለ፤ ያችን ዱላ የያዘው እጅ ነው። እሱም አይበላም፣ እኔም አልበላም፣ ሰውም ሁሉ እኛን ያያል። እናቴ ከሰውዬው እናት ጋር ካንድ ሳህን እየበላች ነበር። ቀና አለችና "አጉርሰው" አለችኝ።

አጎረስኩት። ጨረስኩ ብዬ እጄን ስሰበስብ፣ ቤቷ የመጣን ማንኛውንም እንግዳ እንደምትለው፣ "ድገመው እንጂ፣ በአንድ ጉርሻ ይተዋል እንዴ" አለች።

ሁለተኛው ከበደኝ። የመጀመሪያውን የሰጠሁት ሰው ስላየኝ ነው፤ ለዚህኛው ፊቱን ማየት ነበረብኝ። አፉን ከፍቶ ጠበቀኝ። ጉርሻው ሳይወርድለት ለቅሶው መጣበትና ትን አለው። እናቴ ከሴቶቹ መሀል ተነስታ መጣች፤ ውሃ አስጨበጠችውና ወንድሜን ትን ሲለው ታደርግለት እንደነበረው ጀርባውን እያሸች፣ ቀስ በል፣ ማንም አይቀማህም አለችው።