የጌታው ጠጉር

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በዚህ ዓመት ነው። ትምህርት እንደተጀመረ የእንግሊዝኛ መምህራችን ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ካሴት አዋሱን። ካሴቶቹ ላይ ስለ ድሮው የእንግሊዝ ገጠር የተጻፉ አጫጭር ልብወለዶች ይነበባሉ። አንባቢው ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ለመጨረስም አይቸኩልም። የእኛ ሥራ አንዱን ታሪክ ሰምቶ፣ ክፍል ፊት ቆሞ በእንግሊዝኛ መተረክ ነበር።

«ሸምድዶ የመጣ ወድቋል። በራሳችሁ አፍ ንገሩኝ» አሉን።

የወደቀ ማጠናከሪያ ክፍል ይገባል፤ እንግሊዝኛን ዋና ትምህርቱ አድርጎ መምረጥም አይችልም። እኔ ደግሞ ከእሱ ሌላ የምመኘው ትምህርት አልነበረኝም። ችግሩ፣ እንግሊዝኛ ስጽፍ እንጂ ስናገር አይሆንልኝም። ካልተዘጋጀሁ አፌ አይከፈትም።

አባቴ የሐዲድ ሠራተኛ ስለሆነ የምንኖረው አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው። ከሰዓት በኋላ ቴፑን በረንዳ ላይ አወጣለሁ። የደከመውን የባትሪ ድንጋይ ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። ካሴቱን ወደ ኋላ የምመልሰውም ድንጋዩ እንዳያልቅ በእስክርቢቶ እያዞርኩ ነው። ድምፁን የሰሙት ጎረቤታችን፣ ሰፈሩ ሁሉ እማማ የሚላቸው አሮጊት፣ በርጩማቸውን ይዘው ይመጣሉ።

«ዛሬስ ፈረንጁ ምን አለ?» ይሉኛል።

እኔም እየሰማሁ እተረጉምላቸዋለሁ። የመረጥኩት ታሪክ ስለ አንድ ድሃ ሽማግሌ ነበር። ሽማግሌው ማለዳ የጌታው ሜዳ ውስጥ ገብቶ «ሄር» የሚባል ነገር ያነሳል። እኔ የማውቀው ሄር አንድ ነው።

«እማማ፣ ሽማግሌው የጌታውን ጠጉር ሰርቆ ካፖርቱ ውስጥ ደበቀ።»

«የምን ጠጉር? የራስ ጠጉር?»

«ይመስለኛል።»

«ታዲያ ሜዳ ላይ ምን ይሠራል?»

አንባቢው ይህንኑ ሲናገር የድሬዳዋው ባቡር እየጮኸ መጣና ዓረፍተ ነገሩን ይዞት ሄደ። እንደገና በእስክርቢቶ ማዞሩ ታከተኝ። እማማ ግን ጥያቄውን ራሳቸው መለሱት።

«ይሄማ ግልጽ ነው። ጌታው ተላጭቶ እዚያው ጥሎታል። ዝርክርክ ነው። ሽማግሌው ደግሞ ለመተት ፈለገው።»

«ልጄን ባያሳብዱብኝ!» አለች እናቴ ከውስጥ።

ነገር ግን ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ልክ ሆኖ ገጠመ። የሽማግሌው ሚስት ያመጣውን በሽንኩርት ቀቀለችው።

«ታዲያስ! ጥሬውን አይሰጡት» አሉ እማማ።

ሊይዘው የመጣው ፖሊስ ሽታው ስቦት ቁጭ አለና ጠርጎ በላው።

«በላው? አለቀለት! መስተፋቅር ነው።»

ሽማግሌው ዳኛ ፊት እንደቀረበ ድንጋዩ ደከመ። ፍርዱን ለመስማት ድንጋዩ ፀሐይ እስኪሞቅ ሁለት ቀን መጠበቅ ነበረብን። በመጨረሻ ዳኛው «ማስረጃው የታለ?» ሲል ፖሊሱ አንገቱን ደፋ፤ ሽማግሌውም ተለቀቀ።

«እንግሊዞችም ደብተራ አላቸው ማለት ነው?» አሉ እማማ።

«እኔ እንጃ። ስለ ደብተራ ምንም አይልም።»

«አይልማ! ማን ይናገራል?»

ተራዬ ሲደርስ ይህንኑ በእንግሊዝኛ ለክፍሉ ተረኩ። የጌታው ጠጉር ሣሩ ላይ ወድቆ ነበር ስል ከኋላ መሳቅ ተጀመረ። ካቆምኩ እንደምወድቅ ስለማውቅ ቀጠልኩ። ፖሊሱ ጠጉሩን በሽንኩርት ሲበላ አንዷ ልጅ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፋች። መምህራችን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እየጠረጉ ሰሙኝ። ስጨርስ፣

«ለመሆኑ ይህ ጠጉር ስንት እግር ነበረው?» ብለው ጠየቁኝ።

«የምን እግር?» አልኩ። እሳቸውም አስረዱኝ። ለጆሮ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ሄሮች አሉ፤ አንደኛው ጠጉር ነው፣ ሁለተኛው የዱር ጥንቸል። እኛ ትምህርት ቤት ጥንቸልን የተማርናት ራቢት ብለን ብቻ ነበር። ፊቴ ጋለ። ማጠናከሪያ ክፍሉ ታየኝ።

«ሲበላ እንኳ አልጠረጠርሽም?» አሉኝ።

«ቲቸር፣ አንድ የተከበረ ፖሊስ ጥንቸል ይበላል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ከጥንቸልማ ጠጉር ይሻላል!»

ይህን ያልኩት በእንግሊዝኛ ነው። ያልኩትን ያወቅሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ከኋላ አንድ ልጅ «እኔም ጠጉሩን እመርጣለሁ!» ብሎ ጮኸ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። በዚህኛው ሳቅ እኔም ነበርኩበት።

«ይህንንስ ከየት ሸመደድሽው?» አሉኝ መምህሩ።

«ከየትም፣ ቲቸር።»

«ተቀመጪ። አልፈሻል።»

ከአውቶቡስ ወርጄ ቤት እስክደርስ እየሮጥኩ ነበር። እማማ በረንዳችን ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል።

«አለፍሽ?»

«አልፌያለሁ፣ እማማ! ግን ጠጉር አይደለም አሉኝ። ጥንቸል ነው።»

«የቱ? ፖሊሱ የበላው?»

«አዎ። ሽማግሌውና ሚስቱም ሊበሉት ነበር የቀቀሉት።»

እማማ አማተቡ።

«ወይ ጉድ! እኔ እኮ እሱን ሰውዬ ዳኛው እንዲለቀው ስጸልይለት ነው የሰነበትኩት።»