ለመንጌዋ ዕጩ የጻፍኩት ማኒፌስቶ

የዶርም ጓደኛዬ ለሴት ተማሪዎች ተወካይነት ልትወዳደር መሆኑን ስትነግረኝ «ማኒፌስቶውን ማን ይጽፍልሻል?» ብዬ ጠየቅኋት። ሞኝ ጥያቄ ነበር። የመንጌ ወረዳ ልጅ ናት፣ ከበርታ ብሔረሰብ፤ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ትላለች፤ የኮሌጁ ዲን እንኳ «እርስዎ» ሳይባሉ ነው የሚመለሱት።

«አንተ ነሃ!» አለችኝ። «አንተ ውሸት ይፈራል። ሰው ያምነዋል።»

እፈራለሁ፣ እውነቷን ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ አሶሳ ስነሣ የንስሐ አባቴ «ልጄ፣ የማትፈጽሚውን ቃል አትስጪ» ብለውኝ ነበር። ማኒፌስቶ የሚባል ነገር መኖሩን ሰምተው ይሁን እንጃ።

ተወካይነቱን የፈለገችው ለስም አይደለም። የሴቶች ዶርም ውሃ የሚመጣው ክፍል በምንገባበት ሰዓት ነው፤ ስንመለስ ሄዷል። ለሰላት የምትታጠብበትን ከወንዶች ዶርም ጀርባ በጀሪካን ትቀዳለች፤ ደረጃው ላይ የተኮለኮሉት ደግሞ በየቀኑ «ሙሽሪት መጣች!» እያሉ ይቀበሏታል። ተወካይ ከሆነች ከግቢው አስተዳደር ጋር ስብሰባ ትቀመጣለች፤ ተቀምጣም የውሃውን ሰዓት ታስቀይራለች። ሌላ ዓላማ አልነበራትም።

አልጋዬ ላይ ቁጭ ብለን ጀመርን።

«ውሃ ከሰዓት በኋላ ይመጣል ብለህ ጻፍ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ኢንሻአላህ።»

«እንግዲያው እሱንም እንጻፈው።»

ጻፍኩት። ክርስቲያኖቹን ቅር እንዳይላቸው ከጎኑ «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ጨመርኩበት። ሁለት ገጽ ስንጨርስ ያለ ፈጣሪ ፈቃድ ንቅንቅ የሚል ዓረፍተ ነገር አልነበረም።

የምርጫ ኮሚቴው ሰብሳቢ የሕግ ተማሪ ነው። አነበበ፤ ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ አወጣ። «እህቶቼ፣ ይሄ የምርጫ ሰነድ ነው ወይስ የሽማግሌ ምርቃት? ሃይማኖታዊ ቃል ክልክል ነው።» ፈጣሪን ከላይ እስከ ታች ሰረዘው።

የተረፈውን አነበብኩት። ውሃ ይመጣል። መብራት አይጠፋም። እንዲህ ብሎ የሚናገር ነቢይ እንጂ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ አይደለም። ሁለት ቀን ሙሉ ስብሰለሰል ቆይቼ፣ ቀበሌ መታወቂያ ሳወጣ በሰማሁት ቃል ዳንኩ፦ «ሁኔታዎች ከፈቀዱ»። በተሰረዘው ቦታ ሁሉ እሱን ተካሁ። ሰብሳቢው በደስታ ማኅተም መታበት።

ካፌው በር ላይ ሲለጠፍ ልጃገረዶቹ ተሰበሰቡ። «እንዴ፣ ይቺ ሳትመረጥ ሪፖርት ታቀርባለች?» አለች አንዷ። ሌላዋ ተቀበለቻት፦ «ተያት፣ ከአሁኑ ሚኒስትር ሆናለች!»

ከጎኑ የተፎካካሪዋ ነበር፤ በከለር የታተመ፣ አንድም «ከፈቀዱ» የሌለበት። በየዶርሙ ዋይፋይ። በሳምንት ሁለት ቀን ሥጋ። በመጨረሻም፣ ለፋሲካ ተማሪውን እስከ ሀገሩ የሚያደርስ አውቶቡስ።

ሥጋውን ሳቅሁበት። ዋይፋዩንም። አውቶቡሱ ላይ ስደርስ ግን መልሼ አነበብኩት። ቤቴን ካየሁ ሁለት ፋሲካ አልፎኝ ነበር።

የምርጫው ዕለት ጓደኛዬ ከፊቴ ተሰልፋ ነበር። ድምፄን ሰጥቼ ስወጣ ትከሻዬን ቸብ አደረገችኝ። ምልክቱን ያደረግሁት ባለ አውቶቡሷ ተፎካካሪ ስም ላይ ነው። እጄ ነው ያደረገው ብል ደግሞ ሌላ ኃጢአት ይሆንብኛል፤ አስቤበት ነው።

በጥቂት ድምፅ ተሸነፈች። አላለቀሰችም። «ችግር የለም» አለች፤ «አንተና እኔ ሁለት ነን። አንተ እኔን መረጠ፣ አይደል?»

«እንዴታ!» አልኳት። በዚያ ሰሞን ከአፌም ከብዕሬም ቅድመ ሁኔታ ሳይኖረው የወጣ ቃል እሱ ብቻ ነበር።

ውሃው ሰዓቱን አልቀየረም። ጀሪካኗን እኔ መሸከም ጀመርኩ፤ «ሙሽሪት» የምባለውም እኔ ሆንኩ። እሷ ደግሞ ላገኘችው ሁሉ «ጓደኛዬ ልቡ ንጹሕ ነው» እያለች ታወራልኛለች።

አውቶቡሱ አልመጣም። አዲሷ ተወካይ ምክንያቱን ስትጠየቅ «ሁኔታዎች አልፈቀዱም» አለች፤ ማንም አልሳቀባትም።

ለፋሲካ ብቻዬን እንዳልውል ጓደኛዬ መንጌ ይዛኝ ሄደች። የእስላም እርድ እንደማልበላ አስቀድማ ነግራቸው ኖሮ፣ እናቷ ዶሮዋን አቅፈው አንድ ክርስቲያን አስተማሪ ቤት ወስደው፣ በስመአብ ብሎ ባርኮ እንዲያርድላቸው ለምነው፣ ለእኔ ብቻ በአዲስ ድስት ሠርተው ጠበቁኝ። ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ስበላ እያዩ በበርትኛ አንድ ነገር አሉ።

«ምን አሉ?»

«‹ልጄን የመረጠ እጅ ይባረክ› ይላል።»

እጄ ወጡ ውስጥ ነበር። «አሜን» ብዬ ጎረስኩ።