ዋና የማይችሉት ካፒቴን ከጣና ሥር ያዩት

ጥር፣ እሑድ ንጋት — ዓባይ ማዶ

ጎህ ሳይቀድ አባቴ ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆመዋል። እኔ ገና ጫማዬን እየፈለግኩ ነው። «ጀልባ ሰው አይጠብቅም» አሉኝ። ጀልባዋን የተከራየናት እኛው ነን፤ ያለ እኛ የትም አትሄድም። ይህን ግን ዕድሜ ልኩን ጀልባ ለነዳ ሰው ማስረዳት አይቻልም።

አባቴ አቶ አያሌው ይባላሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከባሕር ዳር ቁንዝላ፣ ከቁንዝላ ጎርጎራ ሰውና እህል ሲያመላልሱ ኖረዋል። ሰፈሩ ዛሬም «ካፒቴን» ይላቸዋል። አንድ ነገር ግን አንባቢ ይወቅልኝ፤ ካፒቴን አያሌው ዋና አይችሉም። ጉልበታቸውን ካለፈ ውኃ ውስጥ ገብተው አያውቁም። ሲጠየቁም አያፍሩበትም። «የካፒቴን ሥራው ከውኃው በላይ ነው» ይላሉ።

ማክሰኞ የዓይን ቀዶ ሕክምና አላቸው። ቀኝ ዓይናቸው በግላኮማ ከጠፋ ቆይቷል፤ አሁን የሚቀረው የግራውን ማትረፍ ነው። እሱም ጠብቦ፣ በበር ቀዳዳ አጮልቆ እንደማየት ሆኖባቸዋል። ሐኪሟ የምትችለውን ሁሉ እንደምታደርግ እንጂ እንደሚድን አልነገረችንም። አባቴም ፈርተው ቀጠሮውን ደጋግመው አስተላልፈዋል። አንድ ጊዜ በጉንፋን፣ ሌላ ጊዜ በለቅሶ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ያለምንም ምክንያት።

በዚህ መሐል ነው ቴሌቪዥን ያዩት። በትልቅ መርከብ ለሽርሽር የወጡ ሰዎች ቀይ ባሕር ላይ ወለሏ መስታወት በሆነች ጀልባ ተቀምጠው፣ ጸጉራቸው እንኳ ሳይርስ፣ ከሥራቸው ኮራል የሚባለውን የባሕር አበባ የመሰለ ነገርና በየቀለሙ የሚተራመሰውን ዓሣ ያያሉ። አንዷ ሴትዮማ ሻይዋን ይዛ ነበር። አባቴ ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጉ። ሲያልቅ እንዲህ አሉኝ፦

«ዕድሜዬን ሙሉ በጣና ላይ ሄድሁ። ከሥሬ ያለውን ግን አላየሁም። እኔ ዓሣ የማውቀው በመረብና በሳህን ነው። ሐኪሟ ሳትነካኝ አንዴ በሕይወቱ ሲሄድ ልየው። ከዚያ በኋላ ወደፈለጋችሁበት ውሰዱኝ።»

እኔም ቃል ገባሁ። የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠራው ጎረቤታችን ሥሩ መስታወት፣ አፉ ክፍት የሆነ ሣጥን ሠራልኝ። ግማሹን ውኃ ውስጥ ነክረው ከላይ ፊትን አስገብተው የሚያዩበት ነው። ጎረቤታችን ግን እስከ መጨረሻው አላመነኝም። «ለሳምቡሳ ማሳያ ከሆነ እኮ መስታወቱ በጎን ነው የሚሻል» ይለኛል።

ሣጥኑን ጭኔ ላይ አቅፌ፣ አባቴን ከጎኔ አድርጌ በባጃጅ ድልድዩን ተሻገርን። ባጃጅ ነጂው በመስታወቱ ደጋግሞ ያየናል።

«ዓሣ ልትነግዱ ነው?»

«ልናይ ነው» አሉ አባቴ።

«ይሁና! ለማየት እንኳ ገና አልተወደደም» አለና ራሱ ሳቀ።

ጠዋት — ሐይቁ ላይ

ጣና እንደ ተነጠፈ አንሶላ ተኝቷል። የጀልባችን ነጂ ያረጋል በወጣትነቱ የአባቴ ረዳት ነበር፤ ዛሬ ሽበት ጀምሮታል። አባቴ ግን አሁንም እንደ ረዳት ነው የሚያዩት። መሪው አጠገብ ተቀምጠው «ቀኝ ያዝ»፣ «ደንገሉን ራቅ»፣ «ሞተሩን አታስጩኸው» ይሉታል። ያረጋልም «እሽ ካፒቴን» ይልና ባሻው ይሄዳል። ሁለቱም በዚህ ደስተኞች ናቸው። ዳር ዳሩን የደንገል ታንኳ ላይ የተቀመጡ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ይስባሉ፤ ነጫጭ ወፎች አጠገባቸው ቆመው ድርሻቸውን ይጠብቃሉ።

መጀመሪያ የቆምነው ዘጌ ዳርቻ፣ የቡና ዛፎቹ ጥላ ውኃው ላይ ከሚወድቅበት ጥቁር ድንጋይ አጠገብ ነው። ያረጋል ሞተሩን አጠፋ። ሣጥኑን ነከርኩትና ቀድሜ አየሁ። ተዘፍዝፎ ያደረ የአብሽ ውኃ ይመስላል። ሌላ ምንም የለም።

አባቴ በተራቸው ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ።

«ጭጋግ ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «ዓይኔ ነው ወይስ ውኃው?»

«ውኃው ነው፣ አባባ።»

«ያረጋል፣ እስቲ አንተ እየው።»

ያረጋል አየ። «ውኃው ነው ካፒቴን። ዳር ዳሩን ገና አልጠራም» አለ። አባቴ ግን የሁለታችንንም ፊት በየተራ ለማየት ሞከሩ። ያላመኑን መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ያረጋልን ቀኝ ያዝ ግራ ያዝ ማለት ተዉ። ሳያዩ ከተመለስን ማክሰኞ ከቤት እንደማይወጡልኝ አወቅሁት።

ረፋድ — ደሴቱ ሥር

ቀጥለን ያመራነው ሴት ከማይገባባቸው ደሴቶች ወደ አንዱ ነው። አባቴ ከቀዶ ሕክምናው በፊት እዚያ ቅዳሴ ማስቀደስ ፈልገዋል። ደንቡን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ወንዶች ሽቅብ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይወጣሉ፣ ሴቶች ጀልባው ውስጥ ይቀራሉ፣ እግራችን መሬቱን አይረግጥም። ነፍሷን ይማርና እናቴም በየዓመቱ እዚህ ትመጣ ነበር፤ እኔ ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ያረጋል የአባቴን እጅ ይዞ ዳገቱን ይዟቸው ወጣ። እኔ ከሣጥኔ ጋር ቀረሁ።

ከጎኔ ከቁንዝላ የመጣ አንድ ጀልባ ታስሯል። የእሱም ወንዶች ወጥተዋል። ሴቶቹ ፊታቸውን ወደ ዛፎቹ አዙረው፣ ከላይ የሚወርደውን ዜማ እየሰሙ በለሆሳስ ይጸልያሉ። በዕድሜ የገፉት እማማ ጥሩወርቅ ናቸው፤ ስማቸውን ሌሎቹ ሲጠሯቸው ነው የሰማሁት። እኔም ትንሽ ጸለይኩ። ጸሎቴ ግን ልክ አልነበረም፤ ዓሣ ነው የለመንኩት። ቀስ ብዬ ሣጥኑን ነከርኩ። እዚህ ውኃው ጥርት ያለ ነው፤ አሸዋው ይታያል፣ ጥቁር ድንጋይ ይታያል። ዓሣ የሚባል ግን የለም።

በዚህ ላይ ነፋስ ተነሳ። ጣና ረፋዱ ላይ ጸባዩ ሲለወጥ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቶሎ ካልተመለሱ ማዕበል ነው። በቃ፣ አልሆነም አልኩ።

ከላይ «እትዉ በሰላም» ሲባል ተሰማ። ቅዳሴው አለቀ። ሴቶቹ አማተቡ፤ ወዲያው ሌማታቸውን ከፍተው ዳቦ አወጡ። እማማ ጥሩወርቅ ቆረሱና ራሳቸው ሳይቀምሱ ፍርፋሪውን ወደ ውኃው በተኑት። ሌሎቹም ተከተሏቸው።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እንግዶቻችን ናቸዋ! ቅዳሴ ሲያልቅ ይመጣሉ። እይ እንጂ በዚያ ሣጥንሽ።»

አየሁ። ከድንጋዩ ሥር፣ ከጀልባው ሆድ ሥር፣ ከየት እንደሆነ እንጃ፣ ወጡ። ቆሮሶዎች ናቸው፤ ጎናቸው በፀሐይዋ ብርሃን አንዴ ብር፣ አንዴ አረንጓዴ ይሆናል። ፍርፋሪው ሥር ይጋፋሉ፣ ይሻማሉ፣ ደግሞ ሁሉም ባንዴ ዞር ይላሉ። ከታች አሸዋው ላይ አንድ አምባዛ ጢሙን እያርገበገበ እንደ ዘበኛ ይንጎራደዳል። በቴሌቪዥን ካየነው ቀለም ግማሹም የለውም፤ ለእኔ ግን ከዚያ በለጠብኝ። ልጮህ አፌን ከፈትኩና ገዳም መሆኑ ትዝ ሲለኝ መልሼ ዘጋሁት።

አባቴ ላይ ናቸው። ወንዶቹ ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጠጥተው፣ መነኮሳቱ የሚያቀርቡትን ቀማምሰው ነው የሚወርዱት። እኔ ከጀልባው ወርጄ ልጠራቸው አልችልም። ያረጋልም ከእሳቸው ጋር ነው። የሴቶቹ ዳቦ ደግሞ እያለቀ ነው። እግሬ ስር መሬቱ፣ አንድ እርምጃ ብቻ፤ ግን አይረገጥም። እንዲህ ተቁነጥንጬ አላውቅም።

እግዜር ሲሰጥ አንድ መነኩሴ ጀሪካን ይዘው ውኃ ሊቀዱ ወረዱ።

«አባ፣ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ።»

«እላይ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ አሉ፤ አቶ አያሌው ይባላሉ። ልጅዎ ቶሎ ይውረዱ ትላለች ይበሉልኝ።»

«ምን ሆና ልበላቸው?»

«ዓሣው መጥቷል ይበሏቸው።»

መነኩሴው ሣጥኔን አዩ፣ እኔን አዩ። «ከዚህ ወደ ላይ ብዙ መልእክት አድርሻለሁ፤ የዓሣ መልእክት ግን የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው» አሉና ጀሪካናቸውን ትተው ወጡ።

እማማ ጥሩወርቅ ነገሩ ገባቸው። «ቁሙ! አትጨርሱት፤ ይችን ለሽማግሌው እናቆይ» ብለው የመጨረሻዋን ቁራሽ ከአንዷ እጅ ነጠቁ። ነፋሱ ውኃውን ሲያሻክረው ሁለቱን ጀልባዎች በገመድ አቀራረብን፤ በመሐላቸው ያለው ውኃ ረጋ።

አባቴ ነጠላቸው ተንሸራቶ፣ እያለከለኩ ደረሱ። ያረጋል ከኋላ «ቀስ ይበሉ ካፒቴን!» ይላል።

«ምን ሆንሽ?» አሉኝ። «ዓሣ መጣ ሲሉኝ፣ ልጄ ውኃ ውስጥ ወድቃ፣ እንዳልደነግጥ የሚሉኝ ነው ብዬ ነው የሮጥሁ።»

«ደኅና ነኝ። ይተኙና ይዩ።»

ሳንቃው ላይ በሆዳቸው ተኙ። ፊታቸውን ሣጥኑ ውስጥ አስገቡ፤ እኔ በቀበቷቸው ያዝኳቸው። እማማ ጥሩወርቅ ቁራሿን ፈርፍረው ጣሉ።

ከዚያ ከሣጥኑ ውስጥ ድምፃቸው መጣ።

«ይሄ ሁሉ... እዚህ ነበር? ቆሮሶ ነው። አዎ፣ ቆሮሶ። ጀርባው እንዲህ ያብረቀርቃል እንዴ? ሳህን ላይ እኮ አመድ ነው የሚመስል! ወይ ጉድ፣ አምባዛ! ጢሙን አየሁት፤ ያረጋል፣ ጢሙን አየሁት!»

እማማ ጥሩወርቅ አንገታቸውን አስግገው ሰሟቸው። «ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ። ካፒቴን አይደሉም? የእንጉዳይ ባል?»

አባቴ ቀና አሉ። እንጉዳይ እናቴ ናት።

«ያውቋት ነበር?»

«እንዴት አላውቃት! እርስዎ ሽቅብ ሲወጡ ከእኛ ጋር ትቀር የለ? ለእነዚህ ዳቦ መጣል ያስለመደችን እሷ ነች። እኛ መቼ እናውቅ ነበር! ለራሷ ሳትቀምስ ትጨርስላቸዋለች። ስምም ታወጣላቸው ነበር። አንዱን ጢማም አምባዛ ካፒቴን ነበር የምትለው።»

ሴቶቹ ሳቁ። ያረጋልም ፊቱን አዙሮ ሳቀ። አባቴ ፊታቸውን ወደ ሣጥኑ መልሰው አስገቡ። እኔ ሳላፍር አለቀስኩ። እሳቸው ያልቅሱ አያልቅሱ ሣጥኑ ጋረደኝ። ቁራሿ አልቃ ዓሣዎቹ እስኪበተኑ ድረስ ቀና አላሉም።

ቀትር — ወደ ባሕር ዳር

በመልሱ ሐይቁ ተቆጥቷል። ማዕበሉ እየዘለለ ልብሳችንን አራሰው። አባቴ መሪው አጠገብ አልተቀመጡም፤ መሐል ላይ፣ ተሳፋሪ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ሆኑ። ያረጋልም ያለ ትእዛዝ መንዳት ከበደው መሰለኝ አንድ ሁለቴ ዞር ብሎ አያቸው።

ባሕር ዳር ወደቡ ላይ ደርሰን ገመዱ ታሰረ። ያረጋል ወረደ። አባቴ ግን አልተነሱም።

«ለምን አልነገረችኝም?» አሉኝ።

«ቢያውቁ ቅዳሴውን ትተው ከእሷ ጋር ይቀሩ ነበራ።»

«እቀር ነበር። እውነቷን ነው። ልጄ፣ በየዓመቱ ሳመጣት ዳገቱን ስወጣ ከዛፉ ሥር ዞር ብዬ አያታለሁ። ጀልባው ጠርዝ ላይ አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች። ሁልጊዜ አንገቷን ደፍታ። ጥያት በመውጣቴ ታዝናለች እያልሁ ሆዴ ይባባ ነበር። ሳልቀምስ፣ ጠበሉን እንኳ በወጉ ሳልጠጣ የወረድሁበት ጊዜ አለ። ከሞተችም ወዲህ የምትታየኝ እንደዚያው ናት።» ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ለካ ዓሣ እያየች ነው! እኔን በአምባዛ ስም እየጠራች!»

ሁለቱንም ዓይናቸውን፣ የማያየውንም የሚያየውንም፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ክንዴን ይዘው ተነሱ።

«በይ እንሂድ» አሉኝ። «ማክሰኞ ማልደሽ ቀስቅሽኝ።»